«ሲፒዩው ሞቷል» ተባልኩ፤ ልቀይረው ወይስ አዲስ ልግዛ?

ጥያቄው የመጣው ከመርሳ ነው። «ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቼ 6 ዓመት ሠርቼበታለሁ። ኮር አይ ፋይቭ ነው፤ ቁጥሩ 3470 ይላል። ራሙ 4 ጊጋ፣ ሚሞሪው 500 ጊጋ ነው። ሚሞሪው ገና ግማሹም አልሞላ። አሁን ግን አብርቼው እስኪነሳ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ይደርሳል። ወርድ ስከፍት ድርቅ ይላል። ፎቶ ኮፒው እየሠራ ሳለ አንዳንዴ በራሱ ጠፍቶ ይነሳል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ደሴ ወስጄ ሳሳየው አንዱ ‹ሲፒዩው ሞቷል፣ ይቀየር› አለኝ። ሌላው ‹ሚሞሪው ደክሟል፣ ፎርማት ይደረግ› አለ። ጓደኛዬ አዲስ ላፕቶፕ ግዛ ይለኛል። ለመሆኑ ውስጡ ያለው ምን ምንድን ነው? የቱን ነው የምቀይረው?»

ሲፒዩው አልሞተም። ቢሞት ኖሮ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አይነሳም ነበር። እዚህ ላይ ግማሹ ችግር የስም ችግር ስለሆነ ከስሙ እንጀምር።

እኛ አገር ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠውን ትልቁን ሣጥን «ሲፒዩ» ማለት ለምደናል። ትክክለኛው ሲፒዩ ግን ሣጥኑ ውስጥ ያለ፣ ከክብሪት ቀፎ የሚያንስ ጠፍጣፋ ቁራጭ ነው። ፕሮሰሰርም ይባላል። ስለዚህ አንድ ሰው «ሲፒዩው ይቀየር» ሲልዎ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ሣጥኑን ነው ወይስ ፕሮሰሰሩን?» ብለው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ቀላል አይደለም። ባለሙያው ሣጥኑን ማለቱ ከሆነ «ኮምፒውተርህን ጥለህ ሌላ ግዛ» እያለዎት ነው። ፕሮሰሰሩን ማለቱ ከሆነ ደግሞ ተሳስቷል። ፕሮሰሰር ሣጥኑ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ በራሱ የመበላሸት ዕድሉ ትንሽ የሆነው ነው። እኔ በሥራዬ «ሞተ» ተብለው ከመጡት ውስጥ እውነትም ፕሮሰሰራቸው የሞተው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

የእርስዎ 3470 የመጀመሪያዋ አኃዝ 3 መሆኗ ሦስተኛ ትውልድ መሆኑን ይናገራል። ኢንቴል ይህን ትውልድ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። አራት ኮር፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩ አራት የማስሊያ ክፍሎች አሉት፤ መነሻ ፍጥነቱ 3.2 ጊጋኸርዝ ነው፤ ማለትም በሰከንድ 3.2 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል። ዕድሜው ገፍቷል፣ እውነት ነው። ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ሲቪ ለማዘጋጀት፣ ቅጽ ለማተም ግን ዛሬም ከበቂ በላይ ነው። ወርድ ሲደርቅብዎ የደረቀው እሱ አይደለም። እሱ ቁጭ ብሎ ሌላ ዕቃ እየጠበቀ ነው።

የሚጠብቀውን ለማወቅ ሁለተኛውን የስም ችግር እንፍታ። «ሚሞሪው 500 ጊጋ ነው» ብለዋል። 500 ጊጋው ሚሞሪ አይደለም፤ ሃርድ ዲስክ ነው። ሚሞሪ የሚባለው 4 ጊጋ ያሉት ራም ነው። ሃርድ ዲስኩ ጎተራ ነው እንበል። እህሉ እዚያ ይከማቻል፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ አይነካም። ራሙ መሶብ ነው። የሚበላው ሁሉ መጀመሪያ መሶቡ ላይ መቅረብ አለበት፤ ፕሮሰሰሩ ከጎተራው አይዝቅም። መብራት ድርግም ሲል የሚደፋው መሶቡ ነው። ሴቭ ሳያደርጉት የቀረው ደብዳቤ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። እና «ጎተራዬ ግማሹ ባዶ ነው፣ ለምን ይዘገያል?» ብሎ መጠየቅ መልስ የለውም። መሶቡ ከጠበበ፣ ወይም ከጎተራው የሚያመላልሰው ሰው ካረጀ፣ ጎተራው ባዶ መሆኑ ምንም አይፈይድም።

እርስዎ ዘንድ ሁለቱም ደርሰዋል። መሶቡ ጠቧል፣ ተሸካሚውም አርጅቷል። ዋነኛው ግን ሁለተኛው ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሃርድ ዲስክ ውስጡ እንደ መስታወት የሚያበሩ ክብ ሰሌዳዎች አሉት። ዴስክቶፕ ላይ የሚገጠሙት ብዙዎቹ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ በሰከንድ 120 ጊዜ ማለት ነው። በሰሌዳው ላይ አንዲት የማንበቢያ ጭንቅላት በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፋ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሰሌዳውን አትነካውም፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በናኖሜትር የሚለካ ነው። ጭንቅላቷ ካለችበት ወደሚፈለገው ቦታ ለመሄድና ሰሌዳው ዞሮ እስኪደርስላት 10 ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። ትንሽ ይመስላል። ግን ስሌቱ በሰከንድ ከመቶ ብዙም የማይበልጥ ምልልስ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነባቸው ፋይሎች ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ናቸው፣ የተቀመጡትም እዚህም እዚያም። እንግዲህ ቶናው ቢደርስ ምን ይገርማል!

ይህን በራስዎ ማየት ይችላሉ። ኮምፒውተሩ ሲደርቅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ሦስቱን አንድ ላይ ይጫኑ። በሚከፈተው መስኮት ላይ ሲፒዩ፣ ሚሞሪ፣ ዲስክ የሚሉ ዓምዶች አሉ። ዲስክ የሚለው 100 በመቶ ሆኖ ሲፒዩ የሚለው 10 ወይም 15 ላይ ተቀምጦ ካዩ ነገሩ አለቀ። ባለዲግሪውም ባለካቻቢቴውም ከዚህ ወዲያ ሊከራከርዎ አይችልም።

በቅንፍ አንድ ነገር። ጭንቅላቷ በአየር ላይ የምትንሳፈፍ ስለሆነ ሃርድ ዲስክ የከፍታ ገደብ አለው። አምራቾች በአብዛኛው 3,048 ሜትር ብለው ይጽፋሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አብሽር፣ ችግር የለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ባሉ የወሎ ደጋዎች ላይ ለትምህርት ቤት ወይም ለጤና ጣቢያ ኮምፒውተር የምትገዙ ግን ይህን አስታውሱ። ኤስኤስዲ ውስጡ የሚንሳፈፍ ነገር ስለሌለው ከፍታው ብዙም አያሳስበውም።

ኤስኤስዲ ያልኩት የሃርድ ዲስክን ሥራ የሚሠራ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዕቃ ነው። ፍላሽ ዲስክዎ በሚሠራበት መንገድ ይሠራል፤ እጅግ ፈጣንና አስተማማኝ ሆኖ ነው እንጂ። ሃርድ ዲስክ 10 ሚሊ ሰከንድ የሚፈጅበትን ፍለጋ በ0.1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። ለእንደርስዎ ዓይነት ማሽን ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም። ፕሮሰሰሩ ያው፣ ሁሉም የሚሰካበት ሰሌዳ ማዘርቦርዱም ያው ሆኖ፣ የመነሻው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ይወርዳል።

ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ። የእርስዎ ማሽን የሚፈልገው 2.5 ኢንች የሚባለውን፣ በሳታ ገመድ የሚገናኘውን ነው። አሁን ሱቆች ውስጥ ኤም ዶት ቱ የሚባል እንደ ማስቲካ ቀጠን ረዘም ያለ ዓይነት በብዛት አለ። «ይሄ ይፈጥናል» ይሉዎታል፤ ልክ ናቸው፣ ይፈጥናል። ግን በሦስተኛ ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ መሰኪያው የለም። ገዝተው ይዘውት ይቀራሉ። መጠኑ 240 ወይም 256 ጊጋ ይበቃዎታል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ጤነኛ ከሆነ እዚያው ይቆይ፤ የደንበኛ ፋይል ማከማቻ ይሆናል።

ፎርማት ይደረግ ያለዎት ሁለተኛው ሰው ጭራሽ አልተሳሳተም። ግማሹን ነው የነገረዎት። ፎርማት ማለት ጎተራውን ጠርጎ እንደ አዲስ መሙላት ነው። ለጥቂት ሳምንት ይቀልለዋል፣ ከዚያ ይመለሳል፤ ተሸካሚው ያው ሽማግሌ ነውና። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ከሆነ በፎርማቱ መሐል ሊቆም ይችላል። ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ወይም ፋይል ሲገለብጡ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ከቀረ፣ ሌላ ምንም ሳይሠሩ በዚያው ቀን ፋይልዎን ወደ ሌላ ዲስክ ያውጡ። ከሞተ በኋላ ፋይል ማውጣት ሌላ ሙያ ነው፤ ዋጋውም አዲስ ኮምፒውተር ሊገዛ ይችላል።

ፋይል ሲያወጡ የሚረሳ ነገር አለ። ዶክመንቱን ሁሉ ይገለብጡና የፓወር ግዕዝ መጫኛውና ፎንቶቹ ይቀራሉ። ከዚያ የድሮው የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ሲከፈት ገጹ ሙሉ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የተጻፈበት ፎንት ነው የጠፋው። ፎንቶቹን ለብቻ በአንድ ፎልደር ይያዙ።

ወደ መሶቡ እንመለስ። 4 ጊጋ ራም ዛሬ ዊንዶውስ ራሱ ተነስቶ ብሮውዘር ሲከፈት ያልቃል። ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ያልበቃውን ወደ ሃርድ ዲስክ ያሸጋግራል፤ ያ ዘገምተኛ ሃርድ ዲስክ ሌላ ሸክም ይጨመርበታል። ስለዚህ ወደ 8 ጊጋ ያሳድጉት። የእርስዎ ማሽን የሚቀበለው ዲዲአር 3 የሚባለውን የዴስክቶፕ ራም ነው። ዲዲአር 4 አይገባም። ታችኛው ጠርዝ ላይ ያለችው ስንጥቅ የተቀመጠችበት ቦታ ስለሚለያይ ቢታገሉም አይገባም። ታግለው ማዘርቦርዱን የሰበሩ አይቻለሁ። የላፕቶፑ ዲዲአር 3 ደግሞ ቁመቱ አጭር ነው፤ እሱም አይሆንም። አሁን ያለው አንድ ባለ 4 ጊጋ ከሆነ ተመሳሳይ ሌላ ባለ 4 ይጨምሩበት። ሁለቱ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ፍጥነቱም ይሻላል።

ከመግዛትዎ በፊት ግን የተጫነው ዊንዶውስ 32 ቢት ነው ወይስ 64 ቢት የሚለውን ይመልከቱ። ማይ ኮምፒውተር ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ፕሮፐርቲስ ሲሉ ይነግርዎታል። 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ ቢጭኑለትም አይጠቀምበትም። ራሙን ገዝቶ «አልጨመረም፣ አታለሉኝ» ብሎ ከሻጭ ጋር የተጣላ ሰው አስታርቄ አውቃለሁ። ሻጩ ምንም አላጠፋም ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው ምልክት እንምጣ፤ ፎቶ ኮፒው ሲሠራ በራሱ ጠፍቶ መነሳቱ። ሁለቱም ባለሙያዎች ይህን አልነኩትም። ሊነኩትም አይችሉም፤ ፎቶ ኮፒው መርሳ ቀርቶ ኮምፒውተሩ ብቻ ነዋ ደሴ የሄደው። እዚያ ሲሞከር በሰላም ይሠራል።

ፎቶ ኮፒ ማሽን ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው። ውስጡ ያለው ማሞቂያ ሲነሳ ከ1,000 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። የእርስዎ ኮምፒውተር በአንጻሩ ለጽሕፈት ሥራ 100 ዋት እንኳ አይሞላም። ሁለቱ በአንድ ዲቫይደር ላይ ከተሰኩ፣ ያ ዲቫይደር ደግሞ ገመዱ ቀጭን ከሆነ፣ ማሞቂያው በተነሳ ቁጥር በገመዱ ላይ ያለው ኃይል ለአፍታ ይወርዳል። የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ እንዲህ ያለውን መውረድ ለ16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ይቋቋማል ተብሎ ነው የሚሠራው። ዓይን ተርገብግቦ ከሚከፈትበት ጊዜ በጣም ያነሰ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ሲያረጅ ደግሞ ይህችንም አይችልም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት አንድ ሳንቲም ሳያወጡ ይህን ያድርጉ። ፎቶ ኮፒውን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩት፣ ዲቫይደር አይግባው። ኮምፒውተሩን ከሌላ ሶኬት ላይ ይሰኩ። የሚቻል ከሆነ ሌላኛው ሶኬት ከሌላ ብሬከር የሚመጣ ይሁን። ከዚያ 50 ገጽ ያህል ኮፒ ያድርጉና ይመልከቱ። ካልጠፋ ሕመሙ ኮምፒውተሩ ውስጥ አልነበረም። ዲቫይደሩን በእጅዎ ይዳስሱት፤ ከሞቀ ይጣሉት። ሱቅ የሚያቃጥለው እንዲህ ያለው ዕቃ ነው።

ከተለያየም በኋላ ከጠፋ ተጠርጣሪው ፓወር ሰፕላይ ነው። እሱ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት አውርዶ ለሌሎቹ የሚያከፋፍል፣ ከሣጥኑ ጀርባ ፋኑ የሚታየው ብረት ሣጥን ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የመጀመሪያውን ምት የሚቀበለው እሱ ነው። ወሎ ውስጥ ካየኋቸው የኮምፒውተር ሞቶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከዚህ ነው። ከቻሉ ጤነኛነቱ የታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሰው ሰክተው ይሞክሩ፤ ከዚህ የበለጠ መመርመሪያ የለም።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያዬን አጥብቄ ልናገር። የኮምፒውተሩን ሣጥን ይክፈቱ፣ ምንም አይልዎትም። ፓወር ሰፕላዩን ግን አይክፈቱ። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች፣ ከ300 ቮልት በላይ የሚይዙ ናቸው፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ለጊዜው ሊያቆዩት ይችላሉ። ይገድላል። ከተበላሸ ሙሉውን ነው የሚቀየረው።

የሰዓቱ ነገር ቀላል ነው። ማዘርቦርዱ ላይ የብር ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ገመዱ ከሶኬት ላይ እስካለና መብራት እስካለ ድረስ ሰዓቱ ከመብራቱ ነው የሚቀለበው። መብራት ሲጠፋ ነው ባትሪዋ ተራዋ የሚደርሰው። አርጅታለችና አልቻለችም። ለዚህ ነው መብራት ሄዶ ሲመጣ ብቻ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ የሚሄደው። የእኛን ዘመን አቆጣጠር ይዞ እንዳይመስልዎ! ቀኑ ሲሳሳት አንዳንድ ድረ ገጾች «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብለው አልከፈት ይላሉ፤ ሰውም «ኢንተርኔቱ ተበላሸ» ይላል። ባትሪዋን በጥፍርዎ ፈልቅቀው አውጥተው አዲስ ያስገቡ፣ ጽሑፍ ያለበት ጎን ወደ ላይ። ስለ ሰዓቱ ያለው ይኸው ነው።

ባትሪዋን ለመቀየር ከከፈቱት አይቀር አቧራውን ያጽዱ። ከፎቶ ኮፒ አጠገብ የሚኖር ኮምፒውተር አቧራው ተራ አቧራ አይደለም፤ የወረቀት ብናኝና በጣም ላመ የቶነር ዱቄት ይቀላቀልበታል። ፕሮሰሰሩ ላይ በተቀመጠው ማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል ገብቶ እንደ ጭቃ ይደርቃል። ያኔ ፕሮሰሰሩ ይግላል። ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካላዋጣው ራሱን ያጠፋል። ገመዱን ይንቀሉ፣ ያልተቀባውን የሣጥኑን ብረት ነክተው በሰውነትዎ ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ያስወግዱ፣ ከዚያ በአዲስ የቀለም ብሩሽ ቀስ አድርገው ይጥረጉ። ፋኑን በጣትዎ ይዘው ይሁን፤ በአየር ግፊት እንዲሽከረከር አይልቀቁት። ማቀዝቀዣውን ካነሱ ግን መልሰው ሲያስቀምጡ በመካከላቸው ያለውን አሮጌ ቅባት ጠርገው አዲስ ቴርማል ፔስት የስንዴ ፍሬ የምታክል ጠብታ ማድረግ ግድ ነው። ፔስቱ ከሌለዎት ማቀዝቀዣውን አይንኩት። ሌላው፣ ከሰሉንና የእጣን ማጨሻውን ከኮምፒውተሩ አጠገብ ያርቁ። ቡናውን አልከለከልኩም፤ ጭሱን ነው።

ማዘርቦርድ የቀረን ይመስለኛል። ሁሉም የሚሰካበት ትልቁ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሰሌዳ ነው። ሲከፍቱት ትናንሽ በርሜል የሚመስሉ ካፓሲተሮችን ይመልከቱ። አናታቸው ጠፍጣፋ ከሆነ ደህና ነው። ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣ ካለ ማዘርቦርዱ ወደ መሞቱ ነው ማለት ነው። ይህ ከሆነ ምክሬ ይለወጣል፤ በዚህ ማሽን ላይ ራም አይጨምሩ። ግራፊክስ ካርድ ግዛ የሚልዎ ካለ ደግሞ አይስሙት። የሠርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ይጠቅማል፤ ለጽሕፈት ቤት ግን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው በቂ ነው።

አንድ ገጠመኝ። አንድ ደንበኛ ከቆቦ ሣጥኑን በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኖ አመጣልኝ። ቤቱ እያለ «ይዘገያል» የነበረው እኔ ዘንድ ሲደርስ ጭራሽ አልነሳ አለ፤ ጢጥ፣ ጢጥ ብቻ። ራሙ በመንገዱ ንቅናቄ ከቦታው ተነቃንቆ ነበር። አወጣሁት፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በልጄ ላጲስ ፈገፈግኩት፣ መልሼ ቀጭ እስኪል ተጫንኩት፣ ተነሳ። ሰውዬው ግን ከእኔ በፊት ሌላ ቦታ ጎራ ብሎ ማዘርቦርድ እንዲቀይር ተነግሮት ብር ሊልክ ነበር። ኮምፒውተር ይዘው ሲጓዙ በጋቢ ጠቅልለው ጭንዎ ላይ ያድርጉት። መብራቱ የተቋረጠ ሃርድ ዲስክ ጭንቅላቷን ሰብስቦ ስለሚቀመጥ መጠነኛ ንቅናቄ ይችላል፤ መውደቅ ግን አይችልም።

ላፕቶፕ ግዛ ያለዎት ጓደኛ አንድ ነገር ላይ ልክ ነው። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድ ደብዳቤው አይጠፋም። ለእኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ለሱቅ ሥራ ሌላ ጣጣ አለው። ኪቦርዱ ቀኑን ሙሉ ሲመታ ይዝላል፤ ሲበላሽ መለወጡ እንደ ዴስክቶፕ ኪቦርድ ነቅሎ ሌላ መሰካት አይደለም። ደግሞም በተመሳሳይ ገንዘብ የሚገኘው ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለ ነው፤ ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው ሳያዩ አይግዙ።

ገደቡንም ልንገርዎ። ይህን ሁሉ ቢያደርጉ ማሽኑ አዲስ አይሆንም። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፤ የእርስዎ 3ኛ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር ስለሆነ ይህ ቀላል አይደለም። ሾርትከት ቫይረስ ምን እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። አንቲቫይረሱን ያድሱ፤ የባንክና የግል ጉዳይዎን በዚህ ማሽን ላይ አይክፈቱ። ሁለት፣ ሦስት ዓመት በደንብ ያሠራዎታል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በላይ አልምልም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ፕሮሰሰሩን አይንኩ። ነገ ፎቶ ኮፒውንና ኮምፒውተሩን ከአንድ ዲቫይደር ላይ ይለያዩ። በዚያው ቀን ፋይልዎን ያውጡ። ባትሪዋን ይቀይሩ፣ አቧራውን ያጽዱ። ካፓሲተሮቹ ካላበጡ ኤስኤስዲ ይግዙና ዊንዶውሱን በእሱ ላይ እንደ አዲስ ያስጭኑ። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ ኤስኤስዲው ይቅደም፣ ራሙ ለሚቀጥለው ወር ይቆይ። ዋጋ አልጻፍኩም፤ እኔ ጽፌ እርስዎ እስኪያነቡ ይለወጣል። ሲያሠሩ አጠገቡ ይቀመጡ፤ የተነቀለውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ ተቀብለው ይሂዱ።

ቀጥሎ ገንዘብ ሲገኝ የሚገዛው ዩፒኤስ፣ ማለትም ባለ ባትሪው የመብራት መጠባበቂያ ነው። ስታብላይዘር አለኝ እንዳይሉኝ፤ ስታብላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ያስተካክላል እንጂ ባትሪ ስለሌለው መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ ሴቭ አድርገው በሰላም ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጥዎታል። ፎቶ ኮፒውንና ሌዘር ፕሪንተሩን ግን በፍጹም በእሱ ላይ አይሰኩ፤ ማሞቂያው ሲነሳ ዩፒኤሱ ይጮህና ይዘጋል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ኮምፒውተሩና ስክሪኑ ብቻ ይበቁታል። ዩፒኤስ እስኪገዙ ድረስ መብራት ሲሄድ ስፒናውን ነቅለው፣ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ያህል ታግሰው ይሰኩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ፓወር ሰፕላዩም ተሞክሮ፣ አሁንም በራሱ ከጠፋ ሕመሙ ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ያኔ ለሦስተኛ ትውልድ ማዘርቦርድ ገንዘብ አያውጡ፤ ያገለገለ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ዴስክቶፕ ይፈልጉ። ኤስኤስዲውን ነቅለው ይዘውት ይሄዳሉ፤ አዲሱም ማሽን ላይ በዚያው በሳታ ገመድ ይሰካል። ራሙን ግን እዚያው ይተዉት፣ አይገባም።